የአባት ውጤት በልጅ ኪስ

ልጅየው አባቱን «አባባ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ፤ አሁን መጣሁ» ብሎ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ያስቀምጣቸውና ብቻውን ወደ ሐኪሙ ይገባል። ሲወጣ የናሙናው ውጤት አራት ቦታ ታጥፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ገብቷል። «ምን አሉ?» «ምንም አይደል፤ የሽንት ቧንቧ ችግር ነው፣ መድኃኒት ታዞልዎታል።» አባት ጋቢያቸውን ሰብስበው ይነሳሉ። ገና ቤት ሳይደርሱ እናት በስልክ ሰምተዋል፤ ማታ ዋሽንግተን ያለው ታናሽ ወንድም ያውቃል፤ በነጋታው ወሬው የአክስት ልጆች ዘንድ ይደርሳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የፕሮስቴት ካንሰር እንደያዛቸው የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይህ ነገር ለብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም፤ ከክፋትም አይመነጭም። መርዶ እንኳ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦለት፣ ጎህ ሲቀድ በሚነገርበት አገር፣ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ለሽማግሌ አባት ፊት ለፊት መናገር ጭካኔ ይመስላል። ብዙ ቤት ውስጥ በሽታው በስሙ አይጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ነው። ልጆቹ፣ አባት ከሰሙ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ እህል አይቀምሱም፣ ቀናቸው ያጥራል ብለው ይፈራሉ።

ፍርሃቱን መናቅ አይገባም። ግን የፕሮስቴት ካንሰር ለዚህ ዓይነቱ ምስጢር ፈጽሞ የማይመች በሽታ ነው።

ከሽንት ፊኛ ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ የሚነሳው ይህ ካንሰር ባህርይው ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። የናሙናው ምርመራ «ግሊሰን» የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል፤ 6 ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ 9 እና 10 የሚቸኩል ነው። በብሪታንያ ካንሰሩ ከዕጢው ያልወጣ 1,643 ወንዶች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ ቀዶ ሕክምና፣ ከፊሎቹ ጨረር፣ ከፊሎቹ ደግሞ ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የ15 ዓመት ውጤት እንዳሳየው፣ በዚህ ካንሰር የሞቱት 45 ሰዎች ናቸው፤ ከመቶ ሦስት አይሞሉም፤ በሦስቱ ምድቦች መካከልም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ቤተሰቡ እንደ ሞት ፍርድ ቆጥሮ የሸሸገው ወረቀት፣ በጊዜ ለተደረሰበት ሰው ረጅም ዕድሜ የያዘ ሊሆን ይችላል።

የሕክምናው ምርጫ ግን ዋጋ አለው። ቀዶ ሕክምናው ሽንት መቆጣጠርን ሊያሳጣ፣ የባልና ሚስትን አልጋ ሊያቀዘቅዝ ይችላል። ጨረሩ አንጀትን ያስቸግራል። ክትትሉ ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ እየደጋገሙ መቆየትን፣ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ከእነዚህ የቱን መሸከም እንደሚሻል ማን ይወስናል? የአባቱንና የእናቱን ትዳር ልጅ እንዴት አድርጎ ይመዝነዋል?

በኢትዮጵያ ደግሞ ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ወገባቸውን ማመም ከጀመራቸው፣ ካንሰሩም ወደ አጥንት ከዘለቀ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይገኝ ነበር። በዚህ ደረጃ ዋናው መሣሪያ የወንድ ሆርሞንን የሚያደርቅ መርፌ ነው፤ ቻርለስ ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 ላሳየውና በ1966 የኖቤል ሽልማት ላስገኘለት እውቀት ምስጋና ይግባውና፣ ካንሰሩ በዚያ ሆርሞን እንደሚመገብ ይታወቃል። መርፌው ዕድሜ ያረዝማል። ግን ሌሊት በድንገት ላብ ያጠምቃል፤ ጉልበት ያሳጣል፤ ሆድ ያስብሳል። «የሽንት ቧንቧ ነው» የተባሉት አባት ይህ ሁሉ ከየት መጣ ይላሉ? ሽንታቸው ቀለል ሲላቸው «ድኛለሁ፣ ምን ያደርግልኛል» ብለው መርፌውን ቢያቆሙስ ማን ይወቅሳቸዋል? የዚህ ጽሑፍ ዋና ስጋት ይህ ነው፤ በፍቅር የተሸሸገ ነገር መድኃኒት ያስጥላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት የሚወቅሰው ታማሚውን ነው። የሚደብቅ ታማሚም አለ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሎይድ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 መጨረሻ ላይ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና አድርገው፣ ጥር 1 ቀን 2024 ሕመሙ ጠንቶባቸው ሆስፒታል፣ በማግሥቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገቡ ፕሬዚዳንቱ እንኳ ለቀናት አላወቁም። በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ፤ በሽታው ከስድስት ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች አንዱን እንደሚይዝ ተናግረው ወንዶች እንዲመረመሩ መከሩ። በአንጻሩ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ2001 በ83 ዓመታቸው በሽታው ሲገኝባቸው ለሕዝብ ተነገረ፤ ለሰባት ሳምንት ጨረር ወሰዱ፤ ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ኖሩ።

እርግጥ ሁሉን መስማት የማይፈልግ አባት አለ። ያም መብቱ ነው። ከውጤቱ ቀን አስቀድሞ «አባባ፣ ሐኪሙ የሚለውን ራስዎ ይሰማሉ ወይስ እኔ ልስማልዎ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለማን ይነገር፣ ማን ይጠይቃቸው፣ የሚለውም የእሳቸው ነው፤ ሽንት የሚያመልጠው ሰው ቤቱ በጠያቂ መሙላቱ ላያስደስተው ይችላል። ለሴት ልጃቸው የማይሉትን ለወንድማቸው ወይም ለአማቻቸው ሊነግሩ ይችላሉ። ጠበል የሚሄዱም ከሆነ መርፌው ሳይቋረጥ መሄድ ይቻላል።

ልጅየው ደግሞ ሌላ የማያውቀው ነገር በኪሱ ይዟል። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከእጥፍ በላይ ነው። ዋሽንግተን ያለው ታናሽ ወንድምም እንዲሁ። ሁለቱም አርባዎቹን ሲይዙ ስለ ፒኤስኤ ምርመራ ከሐኪም ጋር መነጋገር አለባቸው፤ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን ካንሰር ማለት እንዳልሆነ፣ የዕጢው ማበጥም ሆነ ኢንፌክሽን ከፍ እንደሚያደርገው እያወቁ።

ወረቀቱ ከኪስ የሚወጣው ምናልባት ማታ፣ ጠያቂ ከሄደ፣ የቡናው ሲኒ ከተነሳ በኋላ ይሆናል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አባት መነጽራቸውን አድርገው እጥፋቱን በመዳፋቸው ያቃናሉ፤ ቁጥሩን አይተው መልሰው ይሰጡታል። «አንብብና በአማርኛ ንገረኝ» ይላሉ። ጨርሶ ሲነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ይቆዩና፣ «አንተስ፣ ተመርምረሃል?»