ሌሊት ለውሃ የሚነሳው ማነው?

የቧንቧ ውሃ ከመምጣቱ በፊት ያስላል። በፈረቃ የሚኖር የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሳል እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ ይለየዋል። መጀመሪያ ከግድግዳው ጀርባ እንደ ሩቅ ፉጨት ያለ ነገር ይሰማል፤ ቀጥሎ ቧንቧው ሁለት ሦስት ጊዜ አየር ይተፋል፤ ከዚያ ባልዲው ውስጥ "ጠሽ" የሚል ድምፅ ይመጣል። የውሻ ጩኸት፣ የጎረቤት ሠርግ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ የመኪና አላርም የማይቀሰቅሰው ሰው በዚህች ድምፅ ብድግ ብሎ በባዶ እግሩ ወደ ማዕድ ቤት ይሮጣል።

በዚህ ዓምድ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ሠርግ መዋጮና ስለ ልጆች የቤት ሥራ አውርተናል። ውሃን ሳላነሳ የቆየሁት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሆነ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ እጥረቱ ነው፤ እኔን ከእጥረቱ ይልቅ የሚያበሳጨኝ ሰዓቱ አለመታወቁ ነው። የእኛ ሰፈር ተራ ማክሰኞና ዓርብ ነው። ማክሰኞ ደግሞ 24 ሰዓት አለው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ልትመጣ ትችላለች፤ 10 ሰዓትም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ጭራሽ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ከሄደ በኋላ መጥታ፣ ማንንም ስታጣ እንደተቀየመ እንግዳ ትመለሳለች። "9 ሰዓት ላይ ትመጣለች" ብንባል እኮ 9 ሰዓት ላይ ተነስተን፣ ሞልተን፣ እንተኛ ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ደንበኛ የዘገየበትን ዕቃ ይቅር ይላል፣ የት እንደደረሰ የማይነገረውን ዕቃ ግን ይቅር አይልም። በሌላ በኩል ደግሞ፣ አገልግሎቱ በደረሰው ቁጥር እልል የሚል ደንበኛ ያለው ሌላ ዘርፍ አላውቅም።

የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ የተከፈተው ለጥበቃ ደመወዝና ለጽዳት መዋጮ ነበር። አሁን ዋና ሥራው ውሃ ሆኗል። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ውሃ ሴት ናት። "መጣች?" "ኧረ አልመጣችም።" "ከኋላ ያለው ብሎክ ገብታለች አሉ።" "እኛ ጋ መጥታ ሄደች።" ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያነበው ስለ አንዲት ተወዳጅ፣ ግን ቀጠሮ ስለማታከብር ዘመድ የምናወራ ይመስለዋል። ሰላምታችንም ተቀይሯል። ደረጃ ላይ የተገናኙ ጎረቤቶች "እንዴት አደራችሁ" ተባብለው "እግዚአብሔር ይመስገን" ሳይሉ በፊት "ሞላችሁ?" ይከተላል።

ምሬት ብቻ እንዳይሆን ግን ስለ ማግስቱም ልናገር። ዓርብ ሌሊት ውሃ ከመጣች ቅዳሜ ጧት ግቢያችን ሌላ ግቢ ነው። በየበረንዳው አንሶላና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከላይ እስከ ታች ተሰጥቶ ብሎኩ በዓል የሚያከብር ይመስላል። ደረጃው ከላይ ጀምሮ ይታጠባል፤ የኦሞ ሽታ ከሚቆላ ቡና ሽታ ጋር ይደባለቃል። ሳምንቱን በጆግ ሲታጠብ የከረመው የ5 ዓመት ልጄ ሻወር ሥር ሲቆም "ዛሬ ዝናብ ነው!" ብሎ ይጮኻል። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሁለት እጅን ነፃ አድርጎ መታጠብ ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ፈረቃ የሌለበት ሰፈር የሚኖር ሰው አያውቀውም። አላዝንለትም፤ ግን አያውቀውም።

ፈረቃ ያስተማረን ዕውቀትም ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ስለሚደፈርስ የሽንት ቤት ባልዲ ይያዝለታል፤ ጠርቶ ሲወርድ ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነው ጄሪካን ይቀርባል። ሩዝ የታጠበበት ለበረንዳ አበባ፣ ልብስ የተለቀለቀበት ለሽንት ቤት ይሄዳል። ውስጡ አረንጓዴ የያዘ ጄሪካን ጠጠርና ሳሙና ተጨምሮበት ሲነቀነቅ ይጸዳል። አንድ ቀን ደግሞ ባለቤቴ ሰዓቱን ይዞ የማዕድ ቤቱን ቧንቧ ጠብታ ቆጠረ። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ገደማ ያፈሳል፤ አንድ ሙሉ ጄሪካን ማለት ነው። የቧንቧው ጎማ በማግስቱ ተቀየረ።

አዲስ አበባ በውሃ ምክንያት የተወለደች ከተማ መሆኗን ሳስብ ይገርመኛል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው፣ ፍልውሃውን ወደው ነው ለቦታው ስም ያወጡለት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አወጣ፤ ውሃ ሽቅብ ሲሄድ ያየ ሰው ምን ያህል እንደተደነቀ እስካሁን ይወራል። ከዚያ ወዲህ የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ድሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በላዩም የአቃቂ ጉድጓዶች ተጨምረዋል። ከተማዋ ግን ከግድቦቿ ፈጥና አደገች። አቃቂ ደግሞ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ከዚያ የሚወጣውን ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃም ተከትሎት ይሄዳል።

ውሃ ሽቅብ መውጣቱ በእኛ ብሎክ ዛሬም ተአምር ነው። እንደ ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች የእኛም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አለው፤ ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ ከመሬት 12 ሜትር ያህል ይርቃል። ሌሊት ሁሉም በየቤቱ ቧንቧውን ከፍቶ በሚጠብቅበት ሰዓት ግፊቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይደክማል። ምድር ቤት ያሉት በርሜላቸውን ሞልተው ተኝተዋል፤ አራተኛ ፎቅ ቧንቧው ገና እያሳለ ነው።

እዚያ ላይ ብሎኩ በሙሉ "እማማ" የሚላቸው አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ እሳቸው ባለ አምስት ሊትሯን ይዘው በየእረፍቱ ቆም እያሉ ይወጣሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝቻቸው ልቀበላቸው ስል፣ "በልጅነቴ ከወንዝ ቀዳሁ፣ በእርጅናዬ ከጎረቤት እቀዳለሁ፤ ቧንቧ የሚባለውን መሐሉ ላይ ነው ያየሁት" አሉኝ። እየሳቁ ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የብሎኩ ወጣቶች ተራ ገብተው ያወጡላቸዋል፤ እሳቸውም በቆሎ ነው የሚከፍሉት፣ ያውም ሱፍ የበዛበት።

ታዲያ ሁለተኛ ፎቅ ያለ ጎረቤታችን ከመስመሩ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ገጠመ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ መንታ ጨቅላ ልጆች አሉት፤ የመንታ ልብስ ውሃ አይጠብቅም። ፓምፑ ሲነሳ ግን ከላይ ያለነው የምናገኘው አየር ብቻ ነው። ደካማ ግፊት ያለውን መስመር በኃይል መሳብ ደግሞ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል ቆሻሻም ሊስብ ይችላል፤ ያ ቆሻሻ የሚደርሰው ለጎረቤት ብቻ አይደለም። ግሩፑ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ጦርነት ሆነ። ኮሚቴው ያመጣው ሐሳብ ጥሩ ነው፦ ምድር ላይ አንድ ትልቅ የጋራ ሮቶ፣ ጣሪያ ላይ ሌላ ሮቶ፣ በመሐል አንድ የጋራ ፓምፕ። መዋጮው ላይ ነው የተጣበቀው። ምድር ቤት ያሉት "እኛን ይደርሰናል፣ ለምን እንከፍላለን?" ይላሉ። እኔ መክፈል አለባቸው ባይ ነኝ። የአራተኛ ፎቅ ሰው የሚረግጠውን ደረጃ አምፖል እነሱም ይከፍሉበታል፤ እኛም በእነሱ በር ላይ የሚፈሰውን የፍሳሽ መስመር ስናስጠርግ አዋጥተናል።

ስለ ፓምፕ ይህን ያህል የተጨቃጨቅን ሰዎች ግን ስለ አንድ ነገር ተጨቃጭቀን አናውቅም፦ ሌሊት የሚነሳው ማነው?

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል። ቀጭን ሆና የምትወርድ ውሃ በደቂቃ ሁለት ሊትር ብትሰጥ በርሜሉን ለመሙላት 100 ደቂቃ ይፈጃል። ጄሪካኖቹ፣ ባልዲው፣ ሳፋው ሲጨመሩ ሁለት ሰዓት አለፈ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ሲሆን ከአንድ ሰው ቢያንስ አራት ሰዓት እንቅልፍ ይወሰዳል ማለት ነው። ያ ሰው ማነው? ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግሩፑ ላይ "መጣች" ብለው የሚጽፉትን ስሞች አይቻለሁ፤ ከሁለት አባወራ በቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው። በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠው ከሚጠብቁት ብዙዎቹ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ እንኳ የሉም። የቤት ሠራተኞቻችን ናቸው።

እኛ ቤት ያለችው ልጅ 19 ዓመቷ ነው። ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የማታ ትምህርት ትሄዳለች፤ 8ኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። የመጣች ሰሞን፣ የመጀመሪያው ማክሰኞ ማታ፣ ፍራሿን ጎትታ ማዕድ ቤት ቧንቧው ሥር አነጠፈች። "ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት። "ለውሃው ነው፣ እትዬ። እዚህ ከተኛሁ ወዲያው እሰማታለሁ።" በፊት የነበረችበት ቤት ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የተኛችው። ሳታማርር፣ እንደ ማንኛውም የሥራ መመሪያ ነበር የነገረችኝ።

ፍራሹ ወደ ክፍሏ ተመለሰ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፍን፦ ማክሰኞ እኔ፣ ዓርብ ባለቤቴ። ልታየን የመጣችው እናቴ ወረቀቱን አንብባ ዝም አለች፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን አልቻለችም። "ሠራተኛ ተኝታ ባል ለውሃ ሲነሳ አላየሁም" አለች። "እሷ ፈተና አለባት፣ እሱ ግን ፈተና የለበትም" አልኳት። እናቴ የጡረታ መምህር ናት፤ ፈተና የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ ክርክር ይዘጋል።

ይህን የማወራው ደግ ነን ለማለት አይደለም። ያቺ ልጅ የምትቀጠረው ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ደመወዟ ውስጥ ሌሊት የለም። ቢሮ ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ ለአንድ ሰዓት ስንቆይ ስንቶቻችን ነን ትርፍ ሰዓት የምንጠይቀው? አንዳንድ ጓደኞቼ "ግን እሷ ቀን ትተኛለች እኮ" ይላሉ። ሁለት ልጅ፣ እንጀራ፣ ወጥና የልብስ ክምር ባለበት ቤት ቀን የሚተኛ ሰው ካለ አሳዩኝ፤ እኔም እዚያ ቤት ልቀጠር።

ሌሊቱ ለእኔም ያሰብኩትን ያህል ክፉ አልሆነብኝም። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ማንም "እማዬ" ሳይለኝ፣ ጋቢ ለብሼ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ውሃው ሲወርድ እሰማለሁ። አንድ መጽሐፍ በማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ጨርሻለሁ። የጎረቤት መብራት በየመስኮቱ ይበራል፤ በየማዕድ ቤቱ ባልዲ ይንኳኳል፤ ማንም ማንንም አያይም፤ ግን ሁላችንም ነቅተናል። አንድ ሌሊት ደግሞ ከላይ እማማ ቤት ውሃ "ጠሽ" ስትል ሰማሁ። ባለ መንታው ፓምፑን አጥፍቶ ነበር። ለምን እንዳጠፋ አልጠየቅነውም፤ ግሩፑ ላይም ማንም አላነሳውም።

ባለቤቴ ግን እንደ እኔ መጽሐፍ አያነብም፤ ስልኩን ይዞ ኳስ ያያል። ባለፈው ዓርብ ልጅቷ ከልማድ ነቅታ ብቅ ስትል በርሜሉ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው፤ "ተኚ፣ ተኚ" ብሎ መለሳት። ጧት ቁርስ ላይ ሻይ እየቀዳች፣ እኔን እያየች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከሰሰችው።

"እትዬ፣ ጋሼ እኮ በርሜሉን ሳይከድኑት ነው የተኙት።"