«አገልግሎት ነው» አትበሏት

ከእናንተ መካከል መጻፍ የምትወዱ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም እንግሊዝ አገር ትማራላችሁ። አንዲት እኅት «ለንደን በደራስያን ወኪል ቢሮ የሁለት ሳምንት ኢንተርንሺፕ አገኘሁ፤ ክፍያ ግን የለውም» ስትል ትልልቆቻችን ምን እንደሚሏት ታውቃላችሁ። «ምን አለበት? እንደ አገልግሎት ቁጠሪው!» ይሏታል። ይህን ምክር እቃወማለሁ፤ እናንተም እንዳትቀበሉት እፈልጋለሁ።

እኛ አገር ደራሲ ብዙውን ጊዜ ረቂቁን ይዞ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ራሱ ስለሆነ፣ ወኪል የሚሠራውን ብዙዎቻችን አናውቅም። በእንግሊዝ አብዛኞቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ያለ ወኪል የመጣ ልብ ወለድ አይቀበሉም። ደራሲው የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች፣ አጭር ማጠቃለያና ደብዳቤ ለወኪል ይልካል። ወኪሉ ከወደደው ለአሳታሚ ይሸጥለታል፤ ከደራሲው ገቢም በአገር ውስጥ ሽያጭ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ፣ በውጭ አገር ሽያጭ 20 በመቶ ይወስዳል። ሐቀኛ ወኪል ለማንበብ ብሎ ገንዘብ አይጠይቅም። ታዲያ በየቀኑ የሚመጣውን የረቂቅ ክምር ማን ያነበዋል? ብዙ ጊዜ ኢንተርኗ ናት። አንብባ አጭር አስተያየት ትጽፋለች፦ ይመለስ፣ ወይም ሙሉው ይላክልን።

ይህ ቡና ማፍላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የመጀመሪያ መጽሐፏን ምዕራፎች ለክሪስቶፈር ሊትል ቢሮ ላከች። ቢሮው የልጆች መጽሐፍ ስለማይሠራ ረቂቁ ከሚመለሱት ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያ ያነሣችው አንዲት ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ናት። (መጽሐፉ በየወጣት ኅብረቱ ያስነሣውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።) ያቺ ወጣት ኢንተርን አልነበረችም፤ ደሞዝተኛ ነበረች። የቢሮው ሀብት ግን የተገኘው በእሷ ዓይን ነው። እስቲ አስሉት፤ አንድ ደራሲ 10,000 ፓውንድ ቅድሚያ ክፍያ ቢያገኝ 1,500ው የወኪሉ ነው። ረቂቁን ከክምሩ ያወጣችው ልጅ የአውቶቡስ እንኳ ሳይከፈላት አገልጋይ ናት ልንል ነው?

«እኛም በመዘምራንና በልጆች ትምህርት በነፃ እናገለግላለን» የሚል መልስ ይመጣል። አዎን፣ በደስታ! ከመዝሙራችን 15 በመቶ የሚወስድ ግን የለም። ንግድንና አገልግሎትን ስናደባልቅ የሚጎዳው አገልግሎትም ጭምር ነው። ያዕቆብ ስለ አጫጆቹ ደሞዝ የጻፈውን ከመድረክ ጮክ ብለን እናነባለን፤ የገዛ ልጃችን ደሞዝ ላይ ሲደርስ ግን ድምፃችን ይቀንሳል።

ከዚህ የሚብስም አለ። ለንደን ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለ ክፍያ መቀመጥ የሚችል ማነው? ቤተሰቡ እዚያው ቤት ያለው። እናቷ ሊድስ ውስጥ ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ ልጅ አትችልም። ስለዚህ ክምሩን የሚያነቡት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልጆች ይሆናሉ። ስለ ሌሊት ጽዳት የተጻፈ ታሪክ ሲመጣ «ይህን ማን ያነበዋል?» ብለው ቢመልሱት አይገርመኝም።

ሕጉም ቢሆን በዝምታችን ልክ አይደለም። በእንግሊዝ ተቀምጦ ለመመልከት ብቻ የመጣ ሰው፣ ትምህርቱ የሚያስገድደው ተማሪ፣ ለበጎ አድራጎት የሚሠራ ፈቃደኛ፣ እነዚህ ዝቅተኛው ደሞዝ ላይከፈላቸው ይችላል። ሰዓት ተወስኖላትና ሥራ ተሰጥቷት የምትሠራ ግን በአብዛኛው ይገባታል። «ሁለት ሳምንት ብቻ ነው» ማለት በራሱ ከክፍያ ነፃ አያወጣም። የሚከፍሉ ወኪሎችም አሉ።

ለንደን የምትኖሩ ወላጆች፣ አገልግሎት ካላችሁ ትርፍ ክፍላችሁን ስጧት፤ ከሊድስ የመጣችው ልጅ እናንተ ዘንድ ትደር። አንቺም እኅቴ፣ እሺ ከማለትሽ በፊት በኢሜይል ጠይቂ፦ ክፍያው ስንት ነው? የትራንስፖርትስ? በቀን ስንት ረቂቅ አነባለሁ? አስተያየቴን የሚያርምልኝና የሚያስተምረኝ ማነው? በትሕትና ጻፊው፣ ግን አትለማመጪ። መልሱ እስኪመጣ የባቡር ትኬት አትቁረጪ።