«አገሬን ለማገልገል» ለማንም የሚሆን መልስ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ የኢንቨስትመንት ባንክ ሥራ ተከፍቷል። ይህን ከጥቂት ዓመታት በፊት ብጽፈው ቀልድ ይመስል ነበር። በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም ተቋቋመ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። በዚያው ሰሞን ሲቢኢ ካፒታል እና ወጋገን ካፒታል የመጀመሪያዎቹን የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃዶች ተቀበሉ። ኒውዮርክ፣ ለንደንና ቶሮንቶ ባንክ ቤት የምትሠሩ ልጆቻችን ይህን ሰምታችሁ ማመልከት ጀምራችኋል። አንዳንዶቻችሁም «አማርኛውን እይልን» እያላችሁ ደብዳቤያችሁን ልካችሁልኛል።

አማርኛው ደህና ነው፤ የቸገረኝ ሐሳቡ ነው። «ለምን ይህን ባንክ መረጥሽ?» ለሚለው ጥያቄ ሁላችሁም አንድ መልስ ጽፋችኋል፤ አገሬን ለማገልገል። መልካም ምኞት ነው፤ ግን ይኸው መልስ ለጤና ሚኒስቴርም፣ ለአየር መንገድም፣ ለቀይ መስቀልም ይሆናል። ጎልድማን ሳክስ ስታመለክቱ እንዲህ ብላችሁ አትጽፉም። እዚያ የባንኩን የሥራ ዘርፍ፣ ያከናወነውን ግብይት፣ የምትገቡበትን ክፍል አጥንታችሁ ነው የምትሄዱት። አዲስ አበባ ሲሆን ጥናቱ ለምን ይቀራል?

እኔ ብሆን ጥናቱን የምጀምረው ከጅማ መንገድ ነው። ዓለም ገናን፣ ሰበታንና ተፍኪን አልፋችሁ ተጂ ስትደርሱ በበቾ ሜዳ ላይ ናችሁ፤ ክረምት ጥቁሩ አፈር ጫማ የሚያስቀር፣ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል አገር። እዚያ አንድ የማውቃቸው የእህል ነጋዴ አሉ። መጋዘናቸው እስከ ጣሪያው በኩንታል የተሞላ ነው፤ ሁለት አይሱዙ አላቸው። የጥራጥሬ ማበጠሪያ ማሽን ለማስገባት ካሰቡ ቆይተዋል። ባንክ ሲሄዱ የተጠየቁት «ካርታ አለዎት?» የሚለውን ነው። ካርታውን ይዘው ሄዱ፤ ቤቱ ተገመተ፤ ግምቱ የማሽኑን ግማሽ አልሞላም። በየዓመቱ ስንት ኩንታል እንደሚያዞሩ፣ ማን በዱቤ ወስዶ በጊዜው እንደሚከፍል የሚያሳየውን ደብተራቸውን ገልጦ ያየ የለም። በዚህ መሃል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ የማሽኑም ዋጋ አብሮ ሄደ።

ቡራዩ ያሉት አማቻቸው ገንዘብ አላቸው። ማበደር አይፈልጉም፤ ድርሻ ነው የሚፈልጉት። ደግ ነገር ነበር። ግን ድርሻው ስንት ይሁን? ንግዱ ራሱ ስንት ያወጣል? አንዱ መጋዘኑንና መኪናውን ብቻ ቆጠረ፤ ሌላው የሃያ ዓመት ስሙንና ደንበኛውን ጨመረበት። የሚዳኛቸው ስሌት ስላልነበረ በሽማግሌ የተጀመረው በኩርፊያ አለቀ።

የኢንቨስትመንት ባንክ ሥራ ይህ ነው። ንግዱን ይገምታል፣ ገንዘብ ያለውን ከሚፈልገው ያገናኛል፣ ሽያጩን ይመራል፣ ለገዢው የሚነገረው ነገር እውነት መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። የተጂው ነጋዴ ነገ ገበያው ላይ ይመዘገባሉ እያልኩ አይደለም፤ በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ እንኳ የላቸውም። ሆኖም ገበያው ከዋናው ሌላ ለታዳጊ ኩባንያዎች የተለየ መደብ አዘጋጅቷል። ከደብተር ተነስቶ እዚያ የሚደርሰውን መንገድ የሚያሳይ ሰው ግን ገና አልበዛም።

ትልልቆቹ ድርጅቶችም ቢሆኑ ታሪካቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ውሰዱ። ደርግ ወረሰው፤ በ2004 ዓ.ም. መንግሥት ለእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ዲያጆ ለቢጂአይ አሳልፎ ሰጠው። ሱሉልታ ላይ ደግሞ ኔስሌ የአቢሲኒያ ስፕሪንግስን ውኃ ፋብሪካ አብላጫ ድርሻ ገዛ። ሁለቱም ሕጋዊ ግብይቶች ነበሩ፤ ቅሬታ የለኝም። ግን ከፋብሪካው አጥር ሥር የሚኖር፣ ቢራውን ሲጠጣ የኖረ የሰበታ ሰው አንዲት አክሲዮን የሚገዛበት ገበያ አልነበረም። ዓለም ገና ያለውን አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅ ደግሞ እዩት። በልማት ባንክ ብድር ቆመ፣ ብድሩ አልተከፈለም፣ ባንኩ ፋብሪካውን ተረከበ። የአክሲዮን ገበያ በሌለበት አገር እንዲህ ያለው ኪሳራ ዞሮ ዞሮ አበዳሪው ላይ፣ ማለትም ሕዝቡ ላይ ይወድቃል።

የአክሲዮን ገበያ ለአገራችን ሁልጊዜ ባዕድ አልነበረም። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይገበያይ ነበር። በ1967 ዓ.ም.፣ መጀመሪያ ባንኮቹ፣ ከሳምንታት በኋላ ፋብሪካዎቹ ሲወረሱ የሚሸጥም የሚገዛም ጠፋ።

አሁን ወደ እናንተ ቅሬታ ልምጣ፤ ተገቢ ቅሬታ ነውና። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ በአንድ ወቅት የገዛችሁትን የባንክ አክሲዮን በተገዛበት ዋጋ መልሱ ተባላችሁ፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1159 በሩ እንደገና ተከፈተላችሁ። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ ደግሞ «ለኢትዮጵያውያን ዜጎች ብቻ» ተባለ። ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ የተገዛው 10.7 ሚሊዮን ነው። ቀሪውን ማን ሊገዛው ይችል እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቃለሁ። ይሁንና በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቢጫ ካርድ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ መሥራት ይችላል። አክሲዮኑን እንዳትገዙ ተከልክላችሁ ይሆናል፤ አክሲዮኑ ተዘጋጅቶ ከሚወጣበት ክፍል ግን ማንም አልከለከላችሁም።

ታዲያ የትኛው ባንክ? እዚህ ላይ ነው ደብዳቤያችሁ መለየት ያለበት። ሲቢኢ ካፒታል የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ልጅ ነው። እናቱ ከ1,900 በላይ ቅርንጫፍ አላት፤ ተጂ ላይ የሚሸጥ አክሲዮን ቢኖር ለገበሬው የምታደርሰው እሷ ናት። ነገር ግን እናትየዋ ለመንግሥት ልማት ድርጅቶች ለዓመታት ስታበድር የኖረች ናት፤ ያልተከፈለውን ዕዳ ለማጽዳት መንግሥት በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ብር ቦንድ ማውጣት ነበረበት። ነገ ከእነዚህ ተበዳሪዎች አንዱ አክሲዮን ሊሸጥ ሲመጣ ልጅየው አማካሪ፣ እናትየዋ አበዳሪ ይሆናሉ። ከሕዝብ የሚሰበሰበው ገንዘብ ፋብሪካ ያስፋፋል ወይስ የእናትን ብድር ይመልሳል? የሚገዛው ጡረተኛ ይህ በግልጽ ሊጻፍለት ይገባል። ወጋገን ካፒታል ትንሽ ነው፤ የእናቱ ቅርንጫፍም ያን ያህል አይደለም። ግን እናቱ ራሷ ሒሳቧን አደባባይ አውጥታ ለመመዝገብ ቀድማለች፤ ያንን መንገድ የሚያውቅ ቤት ነው። እኔ ወጣት ብሆን ሥራውን ከሥሩ ለመማር ትንሹን እመርጥ ነበር። እናንተ ትልቁን ብትመርጡ አልፈርድም፤ ብቻ ምክንያቱን ጻፉት።

የጎረቤትንም ታሪክ እወቁ። ኬንያ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሳፋሪኮምን 25 በመቶ እያንዳንዱን አክሲዮን በ5 ሺሊንግ ስትሸጥ ከ800 ሺህ ሰው በላይ ተሰለፈ፤ ብዙዎችም ተበድረው ነበር የገዙት። ዋጋው ብዙም ሳይቆይ ከ5 ሺሊንግ በታች ወረደ። ኩባንያው ጤነኛ ነበር፤ ኋላም ዋጋው ከፍ አለ። በብድር የገዛው ግን እስከዚያ መጠበቅ አልቻለም።

እኛ ራሳችንም አንረሳውም። በዋሽንግተን የሆቴል አዳራሾች «በምሥረታ ላይ» የተባለ የአክሲዮን ማኅበር ሁሉ ሲሸጥልን፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ስንቀበል፣ ኋላ ስልክ የሚያነሳ ሲጠፋ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ዛሬ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ሁሉ መጀመሪያ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ፕሮስፔክተስ) አዘጋጅቶ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣኑ ማስጸደቅ አለበት። አዳራሽ ውስጥ ያጣነው ያንን መግለጫ የሚጽፍ፣ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ አለቃውን የሚጠይቅ ሰው ነበር። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ይህንን ተናገሩ፤ ምክንያታችሁ ይህ ከሆነ ማንም ከሌላ አመልካች ጋር አያምታታችሁም።

ደሞዙን በዶላር የምታሰሉ ከሆነ አትሂዱ፤ ትናደዳላችሁ። የምትሄዱ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት እናንተም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ አማካሪውና አበዳሪው አንድ ቤተሰብ ሲሆኑ ለገዢው ማን ይነግረዋል? መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። የደሞዙን ነገር ከዚያ በኋላ አንሱ።