ግድቡ የግል፣ ጎርፉ የሰፈር

በአሜሪካ ከ90 ሺህ በላይ ግድቦች ተመዝግበዋል። ከግማሽ የሚበልጡት የመንግሥት አይደሉም፤ የግለሰብ፣ የክለብ ወይም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ንብረት ናቸው። ብዙዎቹ ዓሣ ለማጥመድ፣ ጀልባ ለመቅዘፍ፣ ሐይቅ ዳር ቤት ለመሥራት ሲባል የተያዙ ትናንሽ የአፈር ግድቦች ናቸው። ስለ ጥገናቸው ሲነሳ የሚሰማው መልስ ሁሌም ያው ነው፦ ትንሽ ነው፤ የግል ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ሦስቱም መልሶች ሰው አስገድለዋል።

በጆርጂያ ግዛት፣ ቶኮዋ ከተማ አጠገብ፣ ከአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በላይ ኬሊ ባርንስ የሚባል ግድብ ነበር። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ማመንጫው ሲቆም ሐይቁ ለመዝናኛ ቀረ። ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነበር። ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ በውድቅት ሌሊት ተደረመሰና ከታች በተኙት ተማሪዎችና ቤተሰቦች ላይ ወረደ። 39 ሰዎች ሞቱ። የፈሰሰው ውሃ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ከሚይዘው የሕዳሴ ግድባችን ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ለመግደል ግን በቅቷል፤ ምክንያቱም በውሃው መንገድ ላይ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተነሳ ፎቶግራፍ የግድቡ የታችኛው ተዳፋት ተንሸራትቶ ያሳያል። አፈሩ አራት ዓመት ቀድሞ አስጠንቅቋል፤ የሰማው ግን አልነበረም። ግዛቱ የግድብ ደኅንነት ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ሰው ካለቀ በኋላ።

«የግል ነው» የሚለው ክርክር ደግሞ ከዚህም የከፋ ታሪክ አለው። በፔንሲልቬኒያ፣ ከጆንስታውን ከተማ በላይ የነበረውን የሳውዝ ፎርክ ግድብ መጀመሪያ የሠራው የግዛቱ መንግሥት ነው፤ ለመጓጓዣ ቦይ ውሃ እንዲያቀርብ። ከሥሩ ውሃ የሚያስወጡ አምስት የብረት ቱቦዎች ነበሩት። ቦዩ ጊዜው ሲያልፍበት ግድቡ ተሸጠ፤ ከገዙት አንዱም ቱቦዎቹን ነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት ሸጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1879 የባለጸጎች የዓሣና የአደን ክለብ ቦታውን ያዘ። አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ ከአባላቱ መካከል ነበሩ። ክለቡ ቱቦዎቹን አልመለሰም። ሠረገላ እንደልብ እንዲያልፍ የግድቡን አናት ዝቅ አደረገ። ዓሣዎቹ እንዳያመልጡ ደግሞ በጎርፍ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ዘረጋ።

ከታች የነበረው የካምብሪያ ብረት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1880 መሐንዲስ ልኮ አስመረመረ። መሐንዲሱም ጥገናው ደካማ መሆኑንና የውሃ ማስወጫ አለመኖሩን ገለጸ። የፋብሪካው ኃላፊ የጥገናውን ወጪ እንጋራ ብሎ እስከመጠየቅ ደረሰ፤ ክለቡ ግን አንዳች አደጋ የለም ብሎ መለሰው። ሜይ 31 ቀን 1889 ሐይቁ ሞልቶ ግድቡን ሲያልፍ ውሃውን የሚቀንሱበት ቱቦ አልነበረም። 2,209 ሰዎች አለቁ። ከክለቡ በፍርድ ቤት ካሳ ያገኘ አንድም ሰው የለም፤ አደጋው የእግዚአብሔር ሥራ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣው የመሐንዲሶች ሪፖርትም ክለቡ ያደረገው ለውጥ ውጤቱን አይቀይረውም ነበር አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ግን አናቱን ዝቅ ማድረጉ ግድቡ ጎርፍ የማሳለፍ አቅሙን ክፉኛ እንደቀነሰው አሳይቷል። ደስታው የክለቡ፣ ሞቱ የጆንስታውን ሕዝብ ሆነ። ውሃ የርስት ወሰን አያውቅም፤ ስለዚህ የግል ንብረት መብት ከግድቡ ግርጌ ላይ ያበቃል።

«ቆሟል» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። የአፈር ግድብ ያረጃል። በላዩ የበቀለ ዛፍ ሲደርቅ ሥሩ ይበሰብስና ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬም እንዲሁ። ከሥር ያለው ቱቦ ይዝጋል፤ ውሃው በቱቦው ዙሪያ ሾልኮ አፈሩን ከውስጥ ይበላል። ከግርጌው ጥርት ያለ ውሃ መስረጉ ክትትል ይሻል፤ የደፈረሰ ውሃ ከወጣ ግን ግድቡ ራሱ እየታጠበ ነውና ሰው ከታች መነሳት አለበት። በዚህ መካከል ታች ያለው ባዶ ሜዳ ሰፈር ይሆናል። ግድቡ ሳይለወጥ አደጋው ይለወጣል።

ለዚህ ነው የቴክሳስን ሕግ የምቃወመው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ግዛቱ በገጠር አካባቢዎች የሚገኙና ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ስጋት አላቸው የተባሉ ብዙ ትናንሽ የግል ግድቦችን ከደኅንነት መስፈርቶቹ ነጻ አድርጓል። ግድቡን የሚያይ ከሌለ ከሥሩ ቤት መሠራቱን ማን ሊያውቅ ነው?

ጥገና ውድ መሆኑን አልክድም። ከወላጆቹ ግድብ የወረሰ ጡረተኛ፣ መሐንዲስ መቅጠርና ማስተንፈሻ እንደገና ማሠራት ሊከብደው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ግዛቱ ብድርና ድጎማ ያዘጋጅ። ያም ካልተቻለ የሐይቁን ውሃ ዝቅ ማድረግ፣ ግድቡንም በባለሙያ ማፍረስ ይቻላል። አቅም የለኝም ብሎ ሐይቁን እንደሞላ መተው ግን ወጪውን ከታች ለሚተኛው ቤተሰብ ማሸጋገር ነው።

ነገሩ የእኛም ነው። በአትላንታ ዙሪያ ቤት የገዛው ወገናችን ብዙ ነው፤ በአንዳንድ ሰፈሮች ደግሞ ሐይቁም ግድቡም የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ንብረት ነው። ቤቱን የገዛ ሰው ሳያውቀው የግድብ ባለቤት ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ቤት የምትገዙ፣ ወይም ገዝታችሁ የገባችሁ፣ በማኅበሩ ስብሰባ ተነስታችሁ ጠይቁ። ግድቡን መሐንዲስ መጨረሻ ያየው መቼ ነው? ለጥገና የተቀመጠ ገንዘብ አለ? ሌሊት አደጋ ቢመጣ ከታች ላሉት ቤቶች የሚደውለው ማነው? መልስ ካላገኛችሁ የግዛቱን የግድብ ደኅንነት ክፍል ጠይቁ።