የደብረ ማርቆስ ስልክና የመንግሥት ጥበቃ

አንድ መንግሥት የሚጠበቀው በምሽግና በመድፍ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም፤ የደብረ ማርቆስ ታሪክ ይበቃል። በ1933 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መጨረሻ የጣልያን ጦር ከተማውን ለቆ ወደ ዓባይ ባፈገፈገ ጊዜ የምሽጉ ስልክ ሳይቆረጥ ቀርቶ ነበር። የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በዓባይ መሻገሪያ በኩል የነበረው የጣልያን ጦር ወሬ ለመጠየቅ ስልኩን ደወለ። የኮሎኔል ዊንጌት ሰዎችም ጣልያንኛ አጣርቶ የሚናገረውን አሜሪካዊውን ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስን ወደ ስልኩ አቀረቡት፤ እርሱም እንደ ጣልያን ሆኖ፣ ዐሥር ሺህ የእንግሊዝ ሠራዊት በመንገድ ላይ እየገሠገሠ ነው ብሎ መለሰ። ጠያቂው ቋንቋውንና መስመሩን አምኖ ስፍራውን ለቆ ሄደ። የዊንጌት ጦር ግን ከሁለት ሺህ ሰው የማይበልጥ ነበር፤ ስሙም የጌዴዎን ጦር መባሉ፣ በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰዎች፣ በቀንደ መለከትና በማሰሮ፣ የምድያምን ሰፈር እንዴት እንዳሸበረ ለሚያውቅ አንባቢ ትርጓሜ አያሻውም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ይኸው ጥበብ ኢትዮጵያን ጎድቶ ነበር። ከማይጨው ጦርነት በፊት ጣልያኖች የንጉሠ ነገሥቱን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ይፈቱ ስለ ነበር፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ባጠቃ ጊዜ ጠላት ምሽጉን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የወታደሩ ጀግንነት አልጎደለም፤ የጎደለው የመልእክቱ ምስጢር መጠበቅ ነው።

ዛሬ የኮምፒዩተር መረብ ጥበቃ የሚባለው ነገር ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው ይኸው ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በዩክሬን ሁለት መቶ ሃያ አምስት ሺህ ያህል ደንበኞች በአንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ መብራት ተቋረጠባቸው። አጥፊዎቹ በር ሰብረው አልገቡም፤ አስቀድመው ለመብራት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እውነተኛ የሚመስል የኢሜይል ደብዳቤ ላኩ፤ ሠራተኛው ከፈተው፤ መንገዱም በዚያ ተከፈተ። ደብረ ማርቆስ ላይ በድምፅ የተደረገው በዚያ በጽሕፈት ተደረገ ማለት ነው። መብራቱን በጥቂት ሰዓት የመለሱትም በየጣቢያው ሄደው ማብሪያውን በእጃቸው የመለሱት ሠራተኞች ናቸው።

ይህ ነገር ለጎጃም ሰው የሩቅ ወሬ ሊመስለው አይገባም። ከግሽ ዓባይ ፈልቆ ጎጃምን እንደ ቀለበት ከቦ የሚወርደው ውኃ፣ ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጨት ለሚችለው ለታላቁ የኅዳሴ ግድብ ይደርሳል። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የመጀመሪያው ሙሌት በቀረበበት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከግብፅ የተነሡ ቡድኖች በኢትዮጵያ መንግሥት የመረብ ገጾች ላይ ጥቃት እንዳደረጉና የከፋው እንደ ከሸፈ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አስታውቋል። በወንዙ ክርክር ላይ ከዲፕሎማቱ ንግግር ጋር አብሮ ይህ ዓይነቱ ጠብ መምጣቱ፣ ግድብን መጠበቅ ማለት ግንቡን ብቻ መጠበቅ አለመሆኑን ያስረዳል።

ታላላቆቹ መንግሥታት ይህን ከተረዱ ቆይተዋል። አሜሪካ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ረቂቅ የኮምፒዩተር ቺፕና የመሥሪያው መሣሪያ ወደ ቻይና እንዳይሸጥ የከለከለችው፣ የነገው ኃይል በዚህ ትንሽ ዕቃ ላይ መሆኑን ስላየች ነው። ዕቃውን ሠርቶ መሸጥ የማይችል አገር ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለበት። ኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. ሁዋዌና ዜድቲኢ ከተባሉት የቻይና ኩባንያዎች ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የቴሌኮም ውል ተዋውላለች። በጥር 2010 ዓ.ም. ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ ቻይና ሠርታ በሰጠችው በአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ውስጥ ያሉ መረጃዎች ሌሊት ሌሊት ወደ ሻንጋይ ይገለበጡ ነበር ብሎ ጻፈ፤ ቻይና ነገሩን ፈጽማ ካደች። ማን እውነት እንደ ተናገረ ለመፍረድ የሚቻለው የመሣሪያውን ውስጥ ከፍቶ የሚያይ ያገር ልጅ ሲኖር ነው። ከውጭ መግዛት ነውር አይደለም፤ የገዙትን ሳይመረምሩ ማመን ግን ቁልፉን ከሻጩ ዘንድ መተው ነው።

ሕጉ አልጠፋም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታውጀዋል። ነገር ግን አዋጁ የሚታተመው አዲስ አበባ ሲሆን ስልኩ የሚደወለው በወረዳ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በግል ስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲላክ፣ አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ጸሐፊ ሲሰጥ፣ አለቃ ነኝ ባይ በስልክ አዝዞ ገንዘብ ሲከፈለው፣ የአዋጁ ቁጥር ምን ይጠቅማል? የጥንቱ ሹም ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ አይቀበልም ነበር፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ማለትም ያው ማኅተም ነው። በስልክ የታዘዘ ሁሉ፣ አዛዡን በሚታወቅ ቁጥር መልሶ ደውሎ ሳያረጋግጥ እንዳይፈጽም ማስለመድ ብዙ ወጪ የለውም። በዋሸራና በጎንጅ ጉባኤ ቤት ቅኔ የተማረ ሰው በሰሙ ሳይረካ ወርቁን ፈልግ ተብሎ ያደገ ነውና፣ ካህናቱ ይህን ለምእመናን ለማስረዳት ከማንም ይልቅ የቀረቡ ናቸው።

ስለ ጥበቃ ሲነገር መስመር መዝጋትም ይነሣል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። መስመር የተዘጋ እንደ ሆነ የጠላት ወሬ ይቆማል ቢባል፣ የነጋዴው ሒሳብ፣ የተማሪው ትምህርት፣ የሐኪሙ ጥያቄ አብሮ ይቆማል፤ ሐሰተኛው ወሬም በአፍ መሄዱን አይተውም፤ የሚያርመው እውነተኛ ቃል ብቻ ይዘገያል። ስለዚህ ይህን የሚያዝዝ ሹም ኪሣራውን ከጥቅሙ ጋር መዝኖ፣ ለምን ያህል ቀን እንደ ሆነም ለይቶ ማዘዝ ይገባዋል።

ለጊዜው ከምሥራቅ ጎጃም መሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው ሥራ ታላቅ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። የመሬት መዝገብና የፍርድ ቤት ፋይል ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ፣ ከመረቡ ውጭ የሚቀመጥ ሁለተኛ ግልባጭ እንዲኖረው፣ ጠባቂውም በስሙ ተለይቶ እንዲታወቅ ነው።