ላዳን ማን ለካት?

ላዳ ታክሲ ከአዲስ አበባ መንገዶች እየተሰናበተች ነው። የሚያንገበግበኝ መሰናበቷ አይደለም፤ ዕድሜዋ ነው፣ ትሂድ። የሚያንገበግበኝ ሳናያት መሄዷ ነው። ስንት ዓመት ተሳፈርንባት፣ በሂሳብ ተጨቃጨቅንባት፣ ዳገት ላይ ስትቆም ወርደን ገፋናት። ሜትር ይዞ የለካት፣ ከጎን የሳላት፣ በትንሹ አድርጎ የሠራት ሰው ግን ብጠይቅ ብጠይቅ አላገኘሁም። "ምን ይሠራልሃል?" ነው መልሱ። እንግዲህ ምን እንደሚሠራ ልናገር።

የመኪና ቅርጽ በመንዳት አይታወቅም። በመግዛትም፣ ፎቶ በማንሳትም አይታወቅም። የሚታወቀው በትንሹ መልሶ በመሥራት ነው። ሞዴል መኪና መሥራት የልጅ ጨዋታ ወይም የሀብታም ጊዜ ማሳለፊያ የሚመስለን፣ ዓይንም እንደ እጅ ሥራ የሚማር መሆኑን ስለረሳን ነው።

በምሳሌ ላሳይ። ሞዴል ሠሪዎች ከሚጠቀሙባቸው የተለመዱ መጠኖች አንዱ 1 ለ 24 ነው፤ የእውነተኛው መኪና 24 ሚሊሜትር ሞዴሉ ላይ 1 ሚሊሜትር ይሆናል። የመጀመሪያዋ ላዳ፣ ቫዝ 2101 የምትባለው፣ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2424 ሚሊሜትር ናት። ሲካፈል 101 ይመጣል። አሮጌዋ ቮልስዋገን፣ ያቺ ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠው፣ 2400 ናት፤ ስትካፈል ልክ 100። የሁለቱም ሙሉ ርዝመት 4 ሜትር ከ7 ሳንቲም አካባቢ ነው፤ ሞዴላቸው 17 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። ብዙዎቻችን አንዷን "መኪና" ሌላዋን "ሚጢጢ" የምንላቸው ሁለት መኪኖች ርዝመታቸው እኩል ነው! ልዩነቱ ያለው ቅርጹ ላይ ነው። ኤርቪን ኮሜንዳ የነደፈው የቮልስዋገን አካል ከፊት እስከ ኋላ ይጎብጣል፤ ዓይን ጫፉን ይዞ የሚያርፍበት ቦታ ስለሌለ መኪናዋ ታንስበታለች። ላዳ ደግሞ አራቱንም ማዕዘን ይዛ ትቆማለች፤ ኮፈኗ ጠፍጣፋ፣ ኋላዋ ቀጥ ያለ ነው። ዓይን ከጥግ እስከ ጥግ ይለካታል። ይህንን ሃያ ዓመት የነዳ ሾፌር ላያውቀው ይችላል። የሁለቱን ጎን ካርቶን ላይ ቆርጦ ያስተያየ ሰው ግን በአንድ ምሽት ይገባዋል።

"የልጅ ጨዋታ ነው" ለሚሉት፣ እሺ፣ ከልጆቹ እንጀምር። ሽቦ አጣጥፎ፣ የሳርዲን ጣሳ ቆርጦ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ መኪና የሚሠራ ልጅ በየሰፈሩ ነበር። ያ ልጅ የሚሠራውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሽቦው የመኪናውን መስመር ሁሉ አይችልም። ስለዚህ አምስት ስድስት መስመር መርጦ፣ ሌላውን ትቶ፣ አይሱዙው አይሱዙ እንዲመስል ያደርጋል። ንድፍ ማለት ይኸው ነው። እኛ ግን "ተነስና አጥና!" ብለን እናስጥለዋለን። አሜሪካ ውስጥ የጄኔራል ሞተርስ አካል የነበረው ፊሸር ቦዲ እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1968 ድረስ ለወጣቶች የሞዴል ሥራ ውድድር ያካሂድ ነበር። መጀመሪያ ሠረገላ፣ በኋላ ራሳቸው የነደፉትን መኪና በትንሹ ሠርተው ይልካሉ፤ አሸናፊዎቹ የትምህርት ወጪ ይሸለማሉ። በ1947 ያሸነፈው ቸክ ጆርዳን ኋላ የዚያው የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ኃላፊ ሆነ። እነሱ በልጅ ጨዋታ ባለሙያ መለመሉበት። እኛ ቆርኪውን ጠርገን ጣልነው።

ከዚህ የሚከፋው ወዳጅ መስሎ የሚመጣው ነው፤ ሰብሳቢው። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ያስመጣትን 1 ለ 18 ፌራሪ ከነሳጥኗ መስታወት ውስጥ ያስቀምጣል። ሳጥኑ ከተከፈተ ዋጋዋ ይወርዳል። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ደስ ይበለው። "የመኪና ፍቅር" ሲለኝ ግን አልቀበለውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ የፌራሪውን የፈረስ ጉልበት በቃሉ የሚወጣ ሰው የሰይቼንቶ ሞተር ከኋላ እንደነበር አያውቅም። ዳንቴ ጃኮዛ የነደፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው ፊያት 600 ከጎማ እስከ ጎማ 2 ሜትር ብቻ ናት፤ አራት ሰው ግን ትጭናለች። ይህ ከፌራሪ የሚያንስ ብልሃት ነው? ሞክራችሁ በካርቶን ሥሯት፤ ያኔ ታወሩኛላችሁ።

ሌላው መከራከሪያ ከራሴ ሰፈር ነው የሚመጣው። የተማርኩት ምሕንድስና፣ የምተዳደርበት ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ባልደረቦቼ "ስካን አድርገው፣ በ24 አካፍለው፣ ፕሪንት አድርገው፣ አለቀ" ይሉኛል። አያልቅም። ማሳነስ ማካፈል ብቻ አይደለምና። በበርና በፓራፋንጎ መካከል ያለው 5 ሚሊሜትር ክፍተት ሲካፈል 0.2 ሚሊሜትር ይሆናል፤ አንድ ዙር ቀለም ይደፍነዋል። ሞዴሉ ላይ የሚያርፍ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ቀለም እውነተኛው መኪና ላይ ቢሆን 2.4 ሚሊሜትር ውፍረት ነበረው፤ መኪናዋን ስቱኮ ውስጥ እንደመንከር ነው። ስለዚህ ሠሪው መወሰን አለበት፦ ክፍተቱን ትንሽ ያሰፋዋል፣ የመስኮቱን ጠርዝ ያሳሳዋል፣ አንዳንዱን ጨርሶ ይተወዋል። ኮምፒውተሩ በታማኝነት ያካፍላል፤ የቱ መስመር ላዳን ላዳ እንደሚያደርጋት ግን አይነግራችሁም። ሃርሊ ኧርል እ.ኤ.አ. በ1927 የጄኔራል ሞተርስን የንድፍ ክፍል ሲመሠርት የመኪና ቅርጽ በሞዴል ጭቃ ማውጣትን ዋና መሣሪያው አደረገው። ዛሬም ኮምፒውተር የሞላቸው ትልልቅ አምራቾች ጭቃውን አልተዉትም። ስካነሩን እንደ ሜትር ከተጠቀማችሁበት በደስታ። ዓይኔን ይተካልኛል ካላችሁ ግን አብረን አንሄድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። "የላዳ ንድፍ ሩሲያ አለልህ፣ ሞዴሏም ተሠርቷል" የሚለኝ አለ። እውነት ነው፤ የፋብሪካዋ ላዳ በ1 ለ 43 በብዛት ተሠርታለች። የአዲስ አበባዋ ግን ሌላ ናት። ታሪኳን ተመልከቱ። መነሻዋ ጣሊያናዊቷ ፊያት 124 ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለችው። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተስማምተው ቶልያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ ሠሩ፤ በ1970 ቫዝ 2101 ወጣች። ለመጥፎ መንገድ ብለው ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ተኩት። ከዚያ እኛ ጋ መጣች። እኛም በተራችን ሰማያዊና ነጭ ቀባናት፣ ፖርቶ መጋላ ጫንባት፣ የተጋጨውን ፓራውልት ከሌላ መኪና አምጥተን ገጠምን። ባትላሜራው በመዶሻ ስንት ጊዜ መልሶ እንዳወጣት ፋብሪካው አያውቅም። ፋብሪካው የሚያውቀው ከበሩ ስትወጣ የነበረችውን ላዳ ነው። ሦስተኛው ነዳፊዋ ጋራዡ ነው፤ የጋራዡ ንድፍ ደግሞ የትም አልተጻፈም።

ቃሎቻችንን ስሟቸው፦ ኮፈን፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ። ጣሊያን የሄደው ሄዶ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ፤ መካኒኩ በአፉ ስለያዘው። ቅርጹንስ ማን ይያዘው? የጎበጠ ፓራፋንጎ በመዳፉ ዳብሶ የት እንደጎደለ የሚያውቅ ባትላሜራ ጡረታ ሲወጣ እውቀቱ አብሮት ይወጣል። ወረቀት ላይ አላሰፈርነውም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የጠየቀውም ጥቂት ነው።

"መኪና እኮ አገር ውስጥ ይገጣጠማል" ይባላል። ይገጣጠም፣ ጥሩ ነው። ግን የፕላስቲክ ሞዴል ኪትም ይገጣጠማል፤ ቁጥር 14ን ከቁጥር 15 ጋር ታጣብቃለህ፣ ያልቃል። መገጣጠም ሌላው ያየውን መከተል ነው። ማየት የሚጀመረው ኪት የሌለውን መኪና ከባዶ መሥራት ስትጀምር ነው፤ ያኔ የጣሪያው መስመር የት እንደሚሰበር የሚነግርህ መመሪያ የለም። ከገጣጣሚነት ወደ ነዳፊነት ሌላ መንገድ ካለ አሳዩኝ።

"ናፍቆት ነው" የሚል እንዳይመጣብኝ ደግሞ፦ አይደለም። ላዳ ታጨሳለች፣ ቀበቶዋ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፣ ክረምት ላይ ታስለቅሳለች። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያሳውቅ አላለቀስኩም። ኤሌክትሪኩ ይምጣ። ላዳ መንገድ ላይ ትቆይ እያልኩ አይደለም፤ ሳትለካ ቁርጥራጭ ብረት አትሁን ነው የምለው። "ስንቱ ችግር እያለ?" ለሚለኝም መልሴ አጭር ነው፦ ኪት ከውጭ ለማስመጣት ዶላር ያስፈልግ ይሆናል፤ ለዚህ ግን ካርቶን፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ማስመሪያ ይበቃል። ውዱ ነገር ትዕግሥት ነው።

ስለዚህ ይህንን ያነበበ ሰው የሚሠራው ሥራ አለው። ሰፈሩ የቆመች አንዲት ላዳ አትጠፋም። ባለቤቷን "ጋሼ፣ ላንድ ሰዓት ልለካት?" ብሎ ይጠይቅ፤ ይስቁበታል፣ ከዚያ ሜትሩን ራሳቸው ይይዙለታል። ርዝመቷን፣ የመስኮቷን ከፍታ፣ ፖርቶ መጋላዋ የተበየደበትን ቦታ፣ በእጅ የተቃናውን ፓራፋንጎ ሳይቀር ይጻፍ። ከዚያ 101 ሚሊሜትር ካርቶን ላይ ያስምርና ሁለት የጎማ ክብ ያድርግበት። ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ሁሉ ከባድ ነው፤ ግን የራሱ ነው።