ቲታኒየሙን አይተን ቱቦውን ረሳነው

ስለ ወንዝ ዳርቻ ልማት በሚወራበት ስብሰባ ሁሉ ቢልባኦ ሳትነሳ አትቀርም። በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር ያለች የብረትና የመርከብ ከተማ ናት። ፋብሪካዎቿ ተዘግተው ስታዘግም ፍራንክ ጌህሪ የነደፈው የጉገንሃይም ሙዚየም በ1997 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኔርቪዮን ወንዝ ዳር ተከፈተ፤ ጎብኚ ጎረፈ፤ ከተማዋም ዳነች ይባላል። ከንቲባዎች ይህን ወሬ ይወዱታል። እኔ ግን ጎዶሎ ነው እላለሁ።

እስቲ ከወንዙ እንጀምር። ከመቶ ዓመት በላይ የብረት ማቅለጫውም፣ የመርከብ መሥሪያውም፣ የመኖሪያ ቤቱም ቆሻሻ የሚራገፈው እዚያው ስለነበር ኔርቪዮን አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍ ውሃ ሆኖ ነበር። በነሐሴ 1983 ጭራሽ ሞልቶ አሮጌውን ሰፈር አጥለቀለቀው። ወንዙን የማጽዳቱ ዕቅድ የተጀመረው ጌህሪ ከተማዋን ከማየቱ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ፣ ማጣሪያ ጣቢያ ተገነባ፤ የወጣውም ገንዘብ የሙዚየሙ ግንባታ ወጪ ብዙ እጥፍ ነው። ግን ከቱቦ ፊት ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ማን አለ?

ከዚያ የመሬቱ ጉዳይ መጣ። የወንዙ ዳርቻ በወደብ፣ በባቡር መሥሪያ ቤትና በመንግሥት ፋብሪካዎች የተያዘ ነበር። በ1992 ማዕከላዊው መንግሥትና የባስክ አስተዳደሮች እኩል የያዙት ‘ቢልባኦ ሪያ 2000’ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ባለይዞታዎቹ መሬቱን ያስረክባሉ፣ ድርጅቱ ያለማና ይሸጣል፣ የሽያጩ ገንዘብ ለቀጣዩ ሥራ ይውላል። ወደቡም ወደ ባሕሩ አፍ ወረደ። ኖርማን ፎስተር የነደፋቸው የሜትሮ ጣቢያዎች በ1995፣ ከሙዚየሙ ሁለት ዓመት ቀድመው ሥራ ጀመሩ። ሙዚየሙ ቤቱ ተጠርጎ፣ ድግሱ ተሰናድቶ ያለቀ ጊዜ የገባ ሙሽራ ነው።

ሙሽራው ማማሩን አልክድም። ከግማሽ ሚሊሜትር በታች የሳሱት የቲታኒየም ንጣፎች የሰማዩን መልክ ይከተላሉ፤ ደመና ሲሆን ግራጫ፣ ማታ ወርቅ። ይልቅ የሚያስቀኝ ጎረቤቱ፣ የሳንቲያጎ ካላትራቫ የእግረኛ ድልድይ ነው። ዝናብ በማይለያት ከተማ ወለሉ መስታወት ሆነ፤ ሰው እየተንሸራተተ ሲወድቅ ማዘጋጃ ቤቱ ምንጣፍ አነጠፈበት። ለፎቶ እንጂ ለእግር ያልታሰበ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው።

ዕዳም አለ። በ1984 የኤውስካልዱና መርከብ መሥሪያ ሠራተኞች እንጀራቸው እንዳይዘጋ ከፖሊስ ጋር ተጋጭተው ነበር። ግቢው ዛሬ የኮንሰርትና የጉባኤ አዳራሽ ቆሞበታል። ‘ካሮላ’ የምትባለው ቀይ ክሬን ለመታሰቢያ ቀርታለች። ብየዳ የሚያውቅ ሰው ግን በኤግዚቢሽን አዳራሽ ምን ይሠራል? ክሬኗን ማቆየት ሠራተኛውን ከማቆየት ረክሶ ተገኘ።

ይህን ሁሉ የማነሳው እኛም በወንዝ ዳር ሥራ ላይ ስላለን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ‘ሸገርን ማስዋብ’ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚያለማ ተነግሮናል። ፓርኩም መናፈሻውም ደስ ይላል፤ ልጆች ሣር ላይ ሲሯሯጡ ማየት ማን ይጠላል? የአዲስ አበባ ወንዞች በሽታ ግን ከዳርቻቸው ሣር መጥፋት አልመጣም። ቤቱም ፋብሪካውም ፍሳሹን ስለሚለቅባቸው ነው። በተነጠፈ ድንጋይ መሐል የሚሸት ወንዝ ያው የሚሸት ወንዝ ነው፤ እንዲያውም አሁን ወንበር ስለተደረደረለት ሽታው የሚደርሰው ሰው በዛ።

ስለዚህ ቀጣዩ የወንዝ ዳር ፕሮጀክት በሚያብረቀርቅ ሥዕል ሲቀርብልን፣ ከሥዕሉ ጎን የፍሳሽ መስመሩ ካርታ ይለጠፍልን። ከቀበና ወንዝ በላይ ያሉት ሰፈሮች መጸዳጃ የት እንደሚያልቅ፣ የትኛው ቤት መቼ ከመስመሩ እንደሚገናኝ ይታይበት። ሐውልቱንና ሙዚየሙን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።